በእንግሊዝኛ ከፕሪፈር (እመርጣለሁ) በኋላ ዛን ነው ወይስ ቱ? ማመልከቻው ሊዘጋብኝ ነው!

አመልካቿ፦ ቶሎ ድረሱልኝ! «አይ ፕሪፈር ወርኪንግ ኢን ኤ ቲም ዛን ወርኪንግ አሎን» ብዬ ስጽፍ ማረሚያው ዛን ላይ ቀይ ያሰምራል። ምኑ ነው ስህተቱ? ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል።

ፈጣኑ፦ ዛንን አጥፊና ቱ አስገቢ።

የሰዋስው ሰው፦ እህቴ፣ ምክንያቱንም ያዥው። ዛን የሚመጣው እንደ ቤተር፣ ሞርና ራዘር ካሉ የማወዳደሪያ ቃላት በኋላ ነው። ፕሪፈር እንደ ሱፒሪየርና ሲኒየር ቱን ነው የሚፈልገው፦ «አይ ፕሪፈር ሪዲንግ ቱ ራይቲንግ»። ከቱ ወዲህም ወዲያም ያለው ግስ መጨረሻው ላይ አይኤንጂ (-ing) ይይዛል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አያስኬድም። በ«ቱ ሪድ» ከጀመርሽ ግን «አይ ፕሪፈር ቱ ሪድ ራዘር ዛን ራይት» ትያለሽ። ዛንን ያመጣው ራዘር ነው እንጂ ፕሪፈር አይደለም።

እንቅልፋሙ፦ በዚህ ሰዓት «አይ ፕሪፈር ስሊፕ ቱ ግራመር» 😄 ስም ከስም ጋርም ያው ቱ ነው።

ሞጋቹ፦ ቆይ፣ ለቀጣሪ ብቻዬን መሥራት አልመርጥም ብሎ መጻፍ ምን ይጠቅማል? «አይ ወርክ ዌል ኢን ኤ ቲም» በይና እለፊ።

አመልካቿ፦ ቅጹ ራሱ ነው የጠየቀኝ! «በቡድን ወይስ ለብቻ መሥራት ትመርጣለህ፣ ለምን?» ይላል።

ሞጋቹ፦ እሱን ቀድመሽ ብትነግሪን ጥሩ ነበር። እንግዲያው ምረጪ።

ጎበዙ፦ ዉድ ራዘርም አለልሽ፦ «አይ ዉድ ራዘር ወርክ ኢን ኤ ቲም ዛን ወርክ አሎን»። ከሱ በኋላ ግሱ ባዶውን ነው፤ ቱም አይኤንጂም የለም።

የሰዋስው ሰው፦ ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ዉድ ራዘር በአብዛኛው አሁን ወይም በአንድ አጋጣሚ ለምንመርጠው ነገር ነው። ቅጹ የሚጠይቀው የዘወትር ምርጫሽን ስለሆነ በፕሪፈር ጽኚ።

ሌላዋ፦ ዛንን በቱ ቀይሪው።

ፈጣኑ፦ ተብሏል እኮ፣ ከላይ አንብቢ!

ተማሪው፦ በዚሁ ልጠይቅ፣ «ነገ ብትመጣ እመርጣለሁ» ለማለትስ?

ጎበዙ፦ «አይድ (አይ ዉድ) ራዘር ዩ ኬም ቱሞሮው»። የምታወራው ስለ ነገ ቢሆንም ባለቤቱ ሌላ ሰው ሲሆን ግሱ በኃላፊ ጊዜ ይገባል። «አይድ ራዘር ዩ ከም» ብለህ ፈተና ላይ እንዳትጽፍ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እሷን ነው። አሉታዊውም ያው ነው፦ «አይድ ራዘር ዩ ዲድንት ከም»።

ፈጣኑ፦ አመልካቿ፣ ላክሽው?