የመጀመሪያዬን የጌም ኮምፒውተር ላስገጣጥም ነው፤ ባሕር ዳር ሆኜ ምን ልግዛ? ከየት ላምጣ?

ጠያቂ (ፔዳ አካባቢ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ያጠራቀምኩት ወደ 100 ሺህ ብር አለኝ። ላፕቶፕ አልፈልግም፤ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጬ ዴስክቶፕ ማስገጣጠም ነው ሐሳቤ። የምጫወተው ፔስ 2021፣ ጂቲኤ 5 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። አልፎ አልፎ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሞኒተር አለኝ፣ 1080ፒ ነው።

እዚህ የዞርኩባቸው ሱቆች ያላቸው በብዛት ላፕቶፕና ፕሪንተር ነው። ግራፊክስ ካርድ ስላቸው «ከአዲስ አበባ እናስመጣልሽ» ይላሉ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አርኤክስ 580 የሚባል ካርድ በደህና ዋጋ አይቻለሁ። ልግዛው ወይስ ልበላ ነው? ከምን ልጀምር?

ጥገና ላይ ያለሁ
እህቴ፣ ሁሉም ሰው ከግራፊክስ ካርድ ይጀምራል። አንቺ ለዕቃው ሁሉ ኃይል ከሚያድለው ከፓወር ሰፕላይ ጀምሪ። የከተማችንን መብራት ታውቂዋለሽ። ሲሄድ አይደለም ችግሩ፣ ሲመጣ ነው። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ደግሞ ብቻውን አይቃጠልም፤ ማዘርቦርዱንም (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ) ካርዱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» መባሉን አትመኚ። ጎኑ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር አንብቢና በ12 አባዢው። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው፤ የቀረው ወሬ ነው። ደህና የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እዚያ ቦታ ላይ ከ40 አምፔር በላይ ይጽፋል። በእጅሽም መዝኚው፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀለለሽ መልሰሽ አስቀምጪው። ሌላው ሁሉ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፣ ይህን ግን አዲስ ግዢ።

ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ ሶኬትሽ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) እንዳለው አሳዪ። እዚህ ብዙ ቤት የለውም። ኬዙን ስትነኪ ነዘር ካደረገሽ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው እሱን ነው።

የአባይ ማዶው
ፓወሩ ላይ እስማማለሁ። ስታቢላይዘር ብቻ ገዝተሽ ግን እንዳትተኚ። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው) ቮልቴጅም ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋም ለጊዜው ይይዛል። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ሴቭ አድርገሽ ለማጥፋት ይበቃል፣ ጨዋታ ለመጨረስ አይደለም።

ለመሆኑ እንዲህ ከምትደክሚ ያገለገለ የቢሮ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ገዝተሽ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ለምን አትሰኪበትም? ብርሽ ይተርፋል።

ጥገና ላይ ያለሁ
ይሠራል፣ ግን ይታሰብበት። የዴል ፓወር ሰፕላይ በብዛት የራሱ ዓይነት ነው፤ ነገ ሲቃጠል ከሱቅ ያገኘሽው አይገጥምለትም። ለካርዱ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከስሎቱ (ከሚሰካበት ቦታ) 75 ዋት ብቻ የሚወስደውን 1650 መፈለግ አለብሽ። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ አጭሩን ካርድ፣ እሱ ደግሞ እዚህ ብርቅ ነው። ሌላው ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። ገበያው ላይ የተቆለለው የቢሮ ዕቃ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው።

ከፖሊ ግቢ
በዚህ ብር ኤኤም 4 በሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚገጠምበት) ላይ ቆዪ። አዲስ አይደለም፤ ያገለገለ ዕቃው ግን አዲስ አበባ ላይ ይገኛል፣ ራሙም ዲዲአር 4 የሚባለው ዓይነት ነው።

ቆንጆው ጥምረት ራይዘን 5 5600 ከአርኤክስ 6600 ጋር ነው። ፕሮሰሰሩ 6 ኮር፣ 65 ዋት። ካርዱ 8 ጊጋ፣ 132 ዋት። ኤኤምዲ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ስለሆነ 550 ካለሽ ተዝናኚ። ለሦስቱም ጨዋታዎችሽ ከበቂ በላይ ነው። ብርሽ ግን ላይደርስ ይችላል።

ካልደረሰ ራይዘን 5 5600ጂ ግዢ። ግራፊክሱ ውስጡ አለ። ያለ ካርድ ፔስና ጂቲኤ ትጫወቺበታለሽ፤ ካውንተር ስትራይክ ላይ ሴቲንጉን በደንብ ታወርጃለሽ። ካርዱ ሌላ ጊዜ ይመጣል። «ጂ» የሌለው 5600 ግን ካርድ ከሌለ ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም። ይህን ሳያውቁ ገዝተው ማዘርቦርድ የሚሰድቡ አሉ።

በ5600ጂ ከሄድሽ ራሙን 16 ጊጋ አንድ ፍሬ አታድርጊው፤ 8 እና 8 ሁለት ፍሬ ይሁን። ውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው ራሙን ነው፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ኋላ ካርድ ስትጨምሪ ደግሞ አርኤክስ 6500 ኤክስቲን እለፊው። ከማዘርቦርዱ ጋር ዳታ የሚቀባበልበት 4 መስመር ብቻ ያለው ካርድ ነው፤ 5600ጂ ደግሞ ከፒሲአይ 3 (የዚያ መስመር የቀድሞ፣ ቀርፋፋ ትውልድ) ስለማያልፍ ይታነቃል።

ማዘርቦርድ ቢ450 ወይም ቢ550። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አሮጌ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያለው ቢ450 ከ5000ዎቹ ራይዘን ጋር አይነሳም። ባዮሱን ለማደስ የድሮ ፕሮሰሰር ባሕር ዳር ላይ ማን ያውስሻል? ሻጩ ፕሮሰሰሩን ከቦርዱ ጋር አስነስቶ ቪዲዮ ይላክልሽ። ወይም ከፍላሽ ባዮስ የሚጭን ቁልፍ ያለውን ቦርድ ምረጪ።

ጌም ቤት ያለኝ (ቀበሌ 14)
ስለ አርኤክስ 580ው ማንም አልመለሰላትም እኮ። እህቴ፣ «2048ኤስፒ» የሚል ጭራ እንዳለው ጠይቂ። ዋናው 580 ሼደሩ (ሥዕሉን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎቹ) 2304 ነው። 2048ኤስፒ የሚለው በተግባር 570 ነው፤ መጥፎ ካርድ አይደለም፣ በ580 ዋጋ መግዛት ነው መጥፎው። ብዙዎቹም ክሪፕቶ ማይኒንግ ላይ የዋሉ ናቸው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን የጥንት ካርድ የሆነ አለ። የካርዱን ባዮስ ቀይረው ዊንዶውስን ያታልሉታል። ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፤ ስሙ ፊት ፌክ ብላ ትጽፍልሻለች። ሻጩ ጂፒዩ-ዚን ከፍቶ፣ ጨዋታ ለ20 ደቂቃ አስጫውቶ፣ ሙቀቱን እያሳየ በቪዲዮ ኮል ካላስፈተሸሽ ቴሌብርሽን አትንኪ። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ እመኚኝ» ላለሽ ሰው ቅድሚያ ክፍያ የለም።

ጠያቂ
ተባረኩ። 580ው 2048ኤስፒ ነው፣ አሁን ጠየቅሁት። ተውኩት። በ5600ጂ ልጀምር። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቴሌግራም ላይ ያንኑ ዕቃ አንዱ በ20 ሺህ፣ ሌላው በ40 ሺህ የሚጽፈው ለምንድን ነው? ደግሞስ አዲስ አበባ አስገጣጥሜ ላምጣው ወይስ እዚህ?

የአባይ ማዶው
ለዋጋው የፖስቱን ቀን እዪ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ዋጋ ይዘሽ አትከራከሪ። መርካቶና ቦሌ ቢያንስ ሦስት ሱቅ በስልክ ጠይቂ፤ እዚህ ያለው ሱቅ የሚያስመጣልሽ ከዚያው ነው፣ ትርፉን ጨምሮ። ግን ዋስትና በጽሑፍ ከሰጠሽ ትርፉ ይክፈለው። ዕቃ ሲበላሽ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መመላለስ ቀላል አይደለም።

ጥገና ላይ ያለሁ
ዕቃውን በየካርቶኑ አምጪውና እዚህ ይገጠም። እዚያ ለሙከራ ይገጠም ካልሽም፣ ከመነሳትሽ በፊት ከባድ ኩለር (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) እና ግራፊክስ ካርድ ካለ ይነቀል። የአባይ በረሃ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ስሎት ይሰነጥቃል። መስታወት ያለው ኬዝ ከሆነ መስታወቱ ለብቻው ይጠቅለል። ዕቃሽ ከሻንጣዎቹ ሥር እንዳይገባ፤ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ጭንሽ ላይ ያዢ።

ጌም ቤት ያለኝ (ቀበሌ 14)
ኬዙን ስትመርጪ ፊቱ ድፍን መስታወት የሆነውን ተዪው፣ ያምራል ግን ይታፈናል። ወንፊት ፊት ያለው ይሁን። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱን ራስሽ ታውቂዋለሽ። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ሐይቁ ዳር መብራት ላይ የሚሰበሰብ ትንኝ አለ። ማጣሪያው በእጅ የሚወጣ ከሆነ በየወሩ ታራግፊዋለሽ። እኔ ጋ ያሉትን እሁድ እሁድ ነው የማራግፋቸው፤ ልታዪ ከፈለግሽ ስንከፍታቸው ነይ።