ለፍልፍል የእንጨት ጌጥ ምን ዓይነት ገበር ይሻላል?

ቀጭን ስለት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከ6 ሚሊ ሜትር የዋልነት ጣውላ በስክሮል ሶው (ረቂቅ ቅርጽ በሚቆርጥ ባለ ቀጭን ስለት መጋዝ) የቆረጥኩት የግድግዳ ጌጥ አለኝ። ቁመቱ 40፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዛፍ ላይ ያረፉ ወፎችን ያሳያል። ቅርንጫፎቹ በጣም ቀጭን ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጡም። የቀረኝ ከኋላው የሚሆነው ገበር ነው። እጄ ላይ ቀይ ፌልት (ያልተሸመነ ጠጉራም ጨርቅ)፣ ጥቁር ከፋይ፣ የአክሪሊክ መስታወትና 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አሉ። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ኮላው በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ፊት እንዳይወጣስ ምን ላድርግ? አንዴ ከተጣበቀ መመለሻ ስለሌለው አስቀድሜ መጠየቅ ፈለግሁ።

የማታ አናጢ

ወንድሜ፣ ከቀለሙ በፊት ጣውላው ድፍን መሆኑን ያስቡበት። ድፍን እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠብባል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ዋልነት በውስጡ ያለው እርጥበት በ4 በመቶ ሲለወጥ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው የተጣበቁ ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ሁለቱን ከዳር እስከ ዳር በኮላ ካጣበቋቸው ወይ ጌጡ ይጎብጣል፣ ወይ ከደካማው ቦታ ይሰነጠቃል። ደካማው ቦታ ደግሞ የእንጨቱን መስመር (የጭረቱን አቅጣጫ) አቋርጠው የሚያልፉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ናቸው።

ኮምፔንሳቶውን ከመረጡ የእንጨቱን መስመር ተከትለው መሐል ለመሐል አንድ ቀጭን የኮላ መስመር ብቻ ያድርጉ። ዳርና ዳሩን ከኋላ በኩል ከ8 ሚሊ ሜትር ባልበለጡ ብሎኖች ይያዙት። የብሎኖቹ ቀዳዳ በገበሩ ላይ ሞላላ ይሁንና ብሎኑ ከመጠን በላይ አይጥበቅ፤ ያኔ ጌጡ ሲሰፋ ብሎኑ አብሮት ይንሸራተታል። ጌጡ ራሱ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ሰዓት ሠሪዋ

የማታ አናጢ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ስለ መልኩ ልናገር።

ዋልነት ጠቆር ያለ እንጨት ነው። ጥቁር ከፋይ ከኋላው ቢያደርጉ ከሩቅ ሲያዩት ወፎቹና ቅርንጫፎቹ ከገበሩ ጋር ተደባልቀው ይጠፋሉ። ጥቁር ገበር የሚያምረው እንደ ሜፕልና በርች ባሉ ነጣ ያሉ እንጨቶች ጀርባ ነው። ለእርስዎ ሥራ ነጣ ያለ ነገር ይሻላል፦ የክሬም ቀለም ያለው ጨርቅ፣ ወፍራም ወረቀት ወይም የበርች ኮምፔንሳቶ። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ገጹ ላይ የጎላ መስመር የሌለውን ይምረጡ። አለበለዚያ ዓይን የዛፉን ቅርንጫፎች ትቶ ከኋላ ያለውን የእንጨት መስመር ይከተላል።

ቀዩን ፌልት አልወደውም፣ ምክንያቴም ቀለሙ አይደለም። የፌልት ጠጉር በቀዳዳዎቹ ውስጥ ብቅ ስለሚል በ2 ሚሊ ሜትር ቅርንጫፍ ዙሪያ ያለውን ጥርት ያለ ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ለሰፋፊ ቀዳዳዎች ግን ጥሩ ነው።

መስታወቱ የጌጡን ጀርባ ጭምር ያሳያል። መጋዙ ከሥር የተወው ስንጥር ሁሉ ይታያል፤ ስለዚህ ጀርባውም እንደ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ መቀባት አለበት። ከዚያም በላይ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ በወፎቹ መሐል ይንጸባረቃል። ቀላልና ትልልቅ ቅርጽ ላለው ሥራ እጠቀምበታለሁ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ረቂቅ ሥራ ግን በፍጹም።

ሁሉንም ከመወሰንዎ በፊት ጌጡን በየተራ በእያንዳንዱ ገበር ላይ ያድርጉና ግድግዳ ላይ አቁመው 3 ሜትር ያህል ርቀው ይመልከቱት። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ከላይ የሚታየው ሌላ ነው።

ቀጭን ስለት (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ክሬም ቀለም ያለው ጥጥ ጨርቅ ከኋላው አድርጌ ሳየው ልዩነቱ ገረመኝ፤ ወፎቹ ወዲያው ወጡ። ጨርቁን እንዴት ላጣብቀው? ዘይቱንስ መቼ ልቀባ?

ድርና ማግ

ዘይቱ መጀመሪያ፣ ገበሩ መጨረሻ። ገበሩ ከገባ በኋላ ዘይት ቢቀቡ በቀዳዳዎቹ ጠርዝ በኩል ወደ ጨርቁ ይሰርግና የማይለቅ እድፍ ይተዋል። በደንብ ያልደረቀ ዘይትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሽታው እስኪጠፋና በነጭ ጨርቅ ሲነካ ምንም እስከማይተው ድረስ ይታገሡ። የተልባ ዘይት ከሆነ የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨብጠው እንዳይጥሉት፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ጨርቁ ፊቱ ላይ ኮላ እንዲነካው አልመክርም። የእንጨት ኮላ ውሃ ስላለው በስስ ጨርቅ ውስጥ አልፎ ይወጣል፣ ሲደርቅም ያበራል። እንዲህ ያድርጉ፦ ጠንካራ ካርቶን ከጌጡ ትንሽ አሳንሰው ይቁረጡ። ጨርቁን ተኩሰው በላዩ ይወጥሩት፣ ትርፉን ወደ ኋላ እጠፉትና ኮላውን በካርቶኑ ጀርባ ላይ ብቻ ያድርጉ። አራቱን ማዕዘኖች ሳያጥፉ በፊት ትርፉን በሰያፍ ቆርጠው ያንሱለት፤ አለበለዚያ ጨርቁ ይደራረብና ማዕዘኑ ያብጣል። ይህን ካርቶን ከጌጡ ጀርባ በክፈፍ ይያዙት።

የማታ አናጢ

አንድ ነገር ልጨምር። ጌጡን በኮላ ማጣበቅ የሚፈልግ ሌላ አንባቢ ካለ፣ ኮላ በዘይት ወይም በቫርኒሽ ላይ በደንብ አይዝም። የሚጣበቀውን ቦታ ከመቀባት በፊት በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት። ኮላውን ደግሞ በመስታወት ቁራጭ ላይ በሮለር በስሱ ይዘርጉና የጌጡን ጀርባ በላዩ አሳርፈው ቀጥ አድርገው ያንሱት። እንጨቱ ብቻ ይነካል፣ ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። ያመለጠ ጠብታ ካለ ትንሽ ሲጠነክር በስቴኪኒ ጫፍ ያንሱት።

ጥላና ብርሃን

ከድርና ማግ ጋር በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ገበሩ ጌጡን ነክቶ መቀመጥ የለበትም። በመሐላቸው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሲኖር እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጥላውን በጨርቁ ላይ ይጥላል፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ወፎቹ ከግድግዳው ተነሥተው የቆሙ ይመስላሉ። ነጣ ያለ ገበር ደግሞ ጥላውን አጉልቶ ያሳያል። በጥቁር ከፋይ ላይ ይህ አይገኝም።

ክፈፍ ውስጥ ሳይጣበቅ መቀመጡም ሌላ ጥቅም አለው። ጨርቅና ባለ ቀለም ወረቀት ፀሐይ ሲመታቸው እየነጡ ይሄዳሉ፣ አሲድ ያለበት ተራ ወረቀትም ቢጫ ይሆናል። ያልተጣበቀ ገበር በማንኛውም ጊዜ ይለወጣል።

ቀጭን ስለት (ጠያቂ)

ክፍተቱን እሞክረዋለሁ። መለያያዎቹን ከምን ልሥራቸው?

ጥላና ብርሃን

ከተረፈዎት ዋልነት 5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 8 ሚሊ ሜትር ወርድ ያላቸው ዘንጎች ይሰንጥቁ። ዘንጎቹን በክፈፉ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ እንጂ በጌጡ ላይ አያጣብቁ። ጌጡም ክፈፉ ውስጥ በግራና በቀኝ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር መላወሻ ይኑረው፤ የማታ አናጢ ያሉትን መስፋትና መጥበብ ያስተናግዳል። ከፊት ለፊት መለያያዎቹ እንዳይታዩ የክፈፉ ከንፈር ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይሸፍናቸው።