ትንሽ ተሳቢ ቤት በሃይሉክስ እየጎተቱ ቅዳሜና እሁድን ወሎ ውስጥ፦ ምን ላድርግ፣ የትስ ልሂድ?

ቦርከና (ጠያቂ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሁድ ማታ ነፃ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ታላቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ታናሹ ገና ጫማ አድርግ ሲባል ያለቅሳል።

በዕረፍት ቀን ቤት መቀመጥ አልወድም። ሆቴል ማደርም ሰልችቶኛል፤ ልጆች ይዘህ ሆቴል ስትገባ እረፍቱ ለማንም አይሆንም። ድንኳን ሞክረናል። ኅዳር ላይ ጉጉፍቱ ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው የምለው ይገባዋል። ሌሊቱን በሙሉ ጥርሳችን ሲንገጫገጭ አደረ። ባለቤቴ ጠዋት ተነስታ "ከእንግዲህ መሬት ላይ አልተኛም" አለች። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ስለዚህ ትንሽ ተሳቢ ቤት ላሠራ ነው። ቪዲዮ ላይ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ያሉ ሰዎች የሚጎትቱትን ዓይነት። ውስጡ ፍራሽ ብቻ ነው። የኋላው ክዳን ወደ ላይ ሲከፈት ማብሰያ ይሆናል። ጎማው ከፍ ያለ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ይሄዳል። አንድ ጎበዝ በያጅ አውቃለሁ። ሥዕሉን ሳሳየው "ይሄማ ጎማ ያበቀለ የንብ ቀፎ ነው" ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን እሠራዋለሁ ብሏል።

መኪናዬ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ናት፤ ናፍጣ፣ ማንዋል። የቸገረኝ ይሄ ነው። ክብደቱ ስንት ቢሆን ይሻላል? በያጁ ወፍራም ላሜራ ካልሆነ አይጠነክርም ይላል። ፍሬን የግድ ነው ወይስ የመኪናው ይበቃል? ደግሞስ የት እንሂድ? እኔ ያሰብኩት መጀመሪያ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ባቲ፣ ከዚያ ማይባር ነው። ረዘም ያለ በዓል ሲገኝ መቅደላን አስቤያለሁ። ወረኢሉ የባለቤቴ ዘመዶች ስላሉ እዚያም መሄዳችን አይቀርም።

ፒያሳ ደሴ

ወንድሜ ብር ተርፎህ ነው? ሃይሉክስ አለህ አይደል! ከኋላ ሸራ አልብሰው፣ ፍራሽ ዘርጋ፣ ተኛ። ተሳቢ ይዘህ ደሴ መሃል ከባጃጅ ጋር ስትጋፋ አስበው። እኔ ያለ ተሳቢም መኪና ማቆሚያ አላገኝ።

የዓሰብ መስመር

ልጄ፣ የፒያሳውን አትስማው። አራት ሰው ሃይሉክስ ኋላ ላይ አይተኛም።

እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ የነዳሁት ከነተሳቢው ነው። ዓሰብ ለእኛ ክፍት በነበረ ጊዜ ከወደብ ጭኜ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ እገባ ነበር። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ። የኔ ተሳቢ ያንተን ዓይነት ብዙ ይጭናል። ሕጉ ግን ለትልቁም ለትንሹም ያው ነው። ዳገት ላይ ያዘገይሃል፤ ቁልቁለት ላይ ነው የሚገድልህ።

ኮረኮንች ያላችሁት ነገር እኔን ብዙም አያስፈራኝም። ኮረኮንች ላይ ቀስ ትላለህ፣ አለቀ። የሚያስፈራኝ አስፋልቱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገድ ትወርደዋለህ። ከሐይቅ ስትመለስ እሁድ ማታ ልጆቹ ተኝተው፣ አንተም ደክሞህ፣ ሐረጎ ላይ ከኋላህ የሚገፋ ነገር አለ። እሱን አስብ።

አውሮፓ ውስጥ ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ካለፈ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። አንተ ከዚያ በታች ብትሆንም አስገባለት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ ማያያዣው ወደ ውስጥ ይገባና በዚያ ግፊት የራሱን ፍሬን ይይዛል። ርካሽ ነው፣ ሽቦ የለው ምን የለው። ችግሩ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። አንተ በማርሽ ይዘህ ስትወርድ ተሳቢው መግፋቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ፍሬኑም መያዙን አያቆምም። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻ መያዝ ያቅተዋል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። ጋቢና ውስጥ መቆጣጠሪያ ይገጠምለታል፤ የተሳቢውን ፍሬን ብቻውን መያዝ ትችላለህ። ገንዘቡ ካለህ ለሐረጎ ይህን ነው የምመክርህ። የመጀመሪያውን ከመረጥህ ደግሞ መሃል ላይ ቆም በልና አቀዝቅዘው። ውኃ ግን እንዳታፈስበት።

የትኛውም ቢሆን፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው ማርሽ የምትቀንሰው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ከተፈተለክህ በኋላ ልቀንስ ብትል አይገባልህም።

አሁን ስለ ክብደት። የበያጁን ነገር ተወው፤ በያጅ ሁሉ ወፍራም ብረት ይወዳል። ሻንሲው፣ ማለት የታችኛው የብረት አካል፣ ጠንካራ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ያለው ቀጭን ላሜራ ወይም ኮምፔንሳቶ ይሁን። ከነዕቃው 600፣ 700 ኪሎ ላይ ቁም። ከዚህ ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉ በመኪናው ማያያዣ ላይ መውደቅ አለበት። 700 ኪሎ ከሆነ 70 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ፣ ማለትም ኋላው ከከበደ፣ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጭራውን ግራና ቀኝ መወርወር ይጀምራል። ያኔ ነዳጅ መስጠት የለም፣ ድንገት ፍሬን መርገጥም የለም። መሪውን ቀጥ አድርገህ ይዘህ እግርህን ከነዳጅ ታነሳለህ። የውኃውን በርሜል ለዚህ ነው አክስሉ ላይ የምታስቀምጠው። 60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው፤ ከኋላ ማብሰያው ሥር ከሰቀልኸው ሚዛኑን ያበላሸዋል።

ሌላው ጎማ። ቸርኬውና ጎማው ከሃይሉክሱ ጋር አንድ ይሁን። የቡሎኑ ቀዳዳ ሳይቀር። ያኔ አንድ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ለሁለቱም ያገለግልሃል። በግራና በቀኝ ጎማው መካከል ያለው ርቀትም ከመኪናው ጋር እኩል ይሁን፤ መኪናህ ባወጣችው ፈር ተሳቢው ይከተላል። ባሌስትራ ይበቃሃል፤ ቢሰበር መርሳም ላይ፣ ወልዲያም ላይ የሚሠራልህ አታጣም። ቪዲዮ ላይ ያየኸው የተራቀቀ ነገር ቢሰበር ግን ዕቃውን ከውጭ ስትጠብቅ ትከርማለህ።

ስትቆም ሁሌም ሞዞውን፣ ጎማው የሚታሰርበትን መሃሉን፣ በእጅህ ጀርባ ቀረብ አድርገህ ሙቀቱን እየው። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም።

መቅደላን ደግሞ አየሁት። አፄ ቴዎድሮስም ወደዚያው ተሳቢ ነገር አስጎትተዋል እኮ! ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ ሰባ ኩንታል ግድም የሚመዝነውን ጉድ፣ ከደብረ ታቦር በኩል በሰው ጉልበት አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. አምባው ላይ አደረሱት። አሁንም እዚያው አለ። አንተ ግን ተሳቢህን አጅባር ላይ አቁመህ ሂድ። እስከ አምባው ግርጌ ላድርስ አትበል።

ቦርከና (ጠያቂ)

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። የጻፉትን ለበያጁ አነበብኩለት፤ ዝም አለ። ላሜራውን ቀጭን ለማድረግ ተስማምቷል። ኋላ ማርሽ ግን እንዴት ነው? የጓደኛዬን የእንጨት ተሳቢ ሞክሬ ወዲያው ታጠፈብኝ።

የዓሰብ መስመር

አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ቶሎ ይታጠፋል፤ የኔ ትልቁ ከዚህ ይሻል ነበር። እጅህን ከመሪው ታች ያዝ። ተሳቢው ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግህ እጅህን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ። ትንሽ ትንሽ ብቻ። ሰው "ና፣ ና" እያለ ቢያቻኩልህ አትስማ። ካልሆነልህ ያንተ ቀላል ነው፤ ፍታውና በእጅ ግፋው።

ሰሚራ ዘሐይቅ

ስለ ቦታው እኔ ልናገር። የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴም እኔም በየጊዜው መኪና ይዘን እንወጣለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልህ ወንድሜ። ቪዲዮ ላይ የምታያቸው ሰዎች ማንም በሌለበት በረሃ ነው የሚያድሩት። ወሎ ውስጥ ማንም የሌለበት ሜዳ የለም። ባዶ የመሰለህ መስክ የአንድ ሰው የከብት ግጦሽ ነው፣ ወይ የሰፈሩ የጋራ ነው። ከመቆምህ በፊት ሽማግሌ ፈልግ። "ዛሬ እዚህ ብናድር ትፈቅዱልናላችሁ?" በል። እምቢ የሚል አላጋጠመኝም። ይልቅ ሌላው ነው የሚቸግርህ፤ "ውጭ አታድሩም፣ ቤት ግቡ" ይሉሃል። ተሳቢህን አሳያቸው፣ ያኔ ይስቁና ይተውሃል። ቡና ጀባ ሲሉህ ግን ተቀመጥ። አቦሉን ጠጥቶ መሮጥ ነውር ነው። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

ሐይቅን መጀመሪያ ማድረግህ ጥሩ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ አስፋልት ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ማረፊያዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ ከፍለህ ቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ያለበት ቦታ ይሻላል፤ ለልጆቹም፣ ለባለቤትህም። ዓሣ እዚያው ታገኛለህ። እስጢፋኖስ ገዳምን ለመሳለም ካሰባችሁ፣ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማትገባ ለልጅህ ቀድመህ ንገራት። በር ላይ ስትደርስ ከምታለቅስ።

ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ አርድቦን እዩት። ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ውኃው በአንቀርቃ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሰው የማይበዛበት፣ ጸጥ ያለ ነው። መንገዱ ጥርጊያ ነው፤ ተሳቢህ ያን ጊዜ ይፈተናል።

ባቲን በቅዳሜና እሁድ መሄድ ግን አልገባኝም። ባቲ ሰኞ ነው! ገበያው ሰኞ ነው የሚቆመው። አፋሩ ግመሉን ይዞ ይመጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ከደጋው ይወርዳል። ያንን ሳታይ እሁድ ማታ ከተመለስህ ሙቀቱን ብቻ ቀምሰህ ነው። ሰኞ በዓል የሚውልበትን ጠብቅ ወይ ፈቃድ ውሰድ። አጎበር እንዳትረሳ፤ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ለተሳቢው መስኮት ወንፊት አስገጥምለት።

ማይባር ቅርብ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ብርድ ነው። ብርድ ልብስ ጨምር። ወረኢሉን ግን በበልግ አትሞክረው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከዘነበ ዋልካው ጎማህን እንደ ጫማ ነው የሚያለብሰው፤ መኪናውም ተሳቢውም እዚያው ይቀራሉ። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላችኋል። መስቀል ሰሞን ደግሞ ወደ ግሸን በኩል ዝር አትበል። መስከረም 21 የሚነግሠውን የማርያምን በዓል የሚሳለመው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል፤ ተሳቢ ይዘህ መዞሪያ አታገኝም።

ምግብ ላይ ባለቤትህን አታስቸግራት። ወጡ ቤት ይሠራ፣ እዚያ ማሞቅ ብቻ። ደጋ ላይ ውኃ በ91፣ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ባቄላ ልቀቅል ብትል ጋዙ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይበስልም። እንጀራ፣ ቆሎ፣ ጭኮ። በቃ።

ደግሞ ከመነሳትህ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ለሚኖር ሰው ደውለህ ጠይቅ። ፌስቡክ ላይ ያየኸውን ሳይሆን። ጥርጣሬ ካለ ይቅር፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። ከመሸ በኋላ አትንቀሳቀሱ።

ፒያሳ ደሴ

እሺ አሁን እኔም አማረኝ። ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ታርጋ! ተሳቢ የራሱ ታርጋና ሊብሬ አለው። በያጁ ብረት ከመቁረጡ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ምን እንደሚጠይቁ አጣራ። ጠበብ አድርገህ ሥራ ሊሉህ ይችላሉ፣ መብራቱን እንዲህ አድርግ ሊሉህ ይችላሉ። ከተሠራ በኋላ ከሆነ መቁረጥ ነው። ኢንሹራንሱም ተሳቢ መጎተትህን ይወቅ። ኬላ ላይ የሚያቆምህ ሰው "ይሄ ምንድነው?" ማለቱ አይቀርም፤ ወረቀት ካለህ ተገርሞ ይለቅሃል።

ቦርከና (ጠያቂ)

ሰሚራ፣ ባለቤቴ ያንቺን አንብባ "እቺ ሴት ታውቃለች" አለች። ወጡ ቤት ይሠራል በተባለው ተስማምተናል፤ የምትሠራው አንተ ነህ ብላኛለች እንጂ! ባቲን ወደ በዓል ገፋነው።

አንድ የቀረኝ አቧራ ነው። የጓደኛዬ ፒካፕ ሸራ ለብሶ እንኳ ከኋላ ዱቄት ይሆናል። ፍራሹ ላይ እንዳይገባ ምን ላድርግ?

የዓሰብ መስመር

የኋላው በር ዙሪያውን ጎማ ይልበስ፤ እሱ ግማሹ ነው። መኪና ሲሄድ ከኋላው አየር ይሳሳል፤ አቧራው በቀዳዳው ሁሉ ተስቦ የሚገባው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከፊት በኩል፣ ጣሪያው አጠገብ፣ ወንፊት ያለው ትንሽ የአየር ማስገቢያ አስቆርጥ። ኮረኮንች ላይ ስትሆን ክፈተው። ንጹሕ አየር ከፊት እየገባ ውስጡን ይሞላዋል፣ አቧራው ከኋላ መግቢያ ያጣል። ዝናብ ሲመጣ ዝጋው። የሌሎቹን መስኮቶች ሁሉ ግን ዝጋ፤ አለዚያ ዋጋ የለውም።

ሻንሲው ሲያልቅ፣ ላሜራ ሳይለብስ፣ እህል ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ሚዛን ላይ አውጣው። ባዶው ስንት እንደሆነ ካላወቅህ የቀረው ሒሳብ ሁሉ ግምት ነው። እኔ ገርባ ነው ያለሁት። ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ ጉዳይ አለኝ፤ የበያጁን ሰፈር ንገረኝና ብየዳውን መጥቼ ልየው። ማያያዣው ላይ ያለውን ብየዳ ሳላየው ቀለም እንዳይቀባው።