ረድፍ ዘግተን ስንሠራ ኮኖቹን ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት መንገድ ላይ የዳሩን ረድፍ ዘግተን አስፋልት ልንጠግን ነው። በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ አለ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 3.5 ሜትር ነው። አምስት ሠራተኞች፣ አንድ ገልባጭ መኪና፣ ኮንና አንፀባራቂ ሰደርያ አለን። ኮኖቹን ከጉድጓዱ 30 ሜትር ቀደም ብሎ መጀመር ይበቃል?

መልስ 1፦ በፍጹም አይበቃም። በ80 የሚመጣ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ሄዷል፤ ፍጥነቱ ሳይቀንስ እናንተ ላይ ደርሷል ማለት ነው። በደረቅ አስፋልት እንኳ ለመቆም በጠቅላላው ወደ 70 ሜትር ይፈልጋል፣ ሲዘንብ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ኮኖቹ ከመንገዱ ዳር ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ክፍቱ ረድፍ እየተጠጉ በረጅም ሰያፍ ይደርደሩ። በዚህ ፍጥነት የሚሠራበት ስሌት የረድፉን ስፋት በፍጥነቱ አባዝቶ ለ1.6 ማካፈል ነው፤ ለእናንተ 175 ሜትር ይመጣል። ከሰያፉ መጨረሻ እስከ ሥራው ቦታ ቢያንስ 70 ሜትር፣ ቢቻል እጥፉን፣ ባዶ ተዉ። እዚያ ጠጠር አይራገፍ፣ መኪና አይቁም፣ ሰውም አይረፍ። የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ከሰያፉ በፊት፣ ሾፌሩ ሳይደናገጥ ረድፍ መቀየር በሚችልበት ርቀት ይተከሉ።

መልስ 2፦ ትክክል፤ ግን ኮን መንገድ ያሳያል እንጂ መኪና አያቆምም። ስልክ የሚያይ ወይም የሚያንቀላፋ ሾፌር ጥሶት ይገባል። ባዶው ቦታ ካለቀ በኋላ፣ ከሠራተኞቹ በፊት፣ ትራፊኩ በሚመጣበት በኩል ከባድ መኪና አቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ የፊት ጎማው ከሠራተኞቹም ከክፍቱ ረድፍም ውጭ ይታጠፍ፣ ውስጡ ሰው አይቀመጥ። ሲገጭ ወደፊት ስለሚገፋ ተጠግታችሁት አትሥሩ። ገልባጩን ለዚህ አትቁጠሩት፤ ጭነት ሊያመጣ በሄደ ቁጥር ከለላችሁም አብሮ ይሄዳል። ሌላ መኪና ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦ የሌሊት ሥራም አለን። ሰደርያው ይበቃል?

መልስ 3፦ ደማቁ ጨርቅ የሚጠቅመው ቀን ነው። ሌሊት የሚታየው የፊት መብራት ሲያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው ጥብጣብ ብቻ ነው፤ ሬንጅ ወይም አቧራ ከሸፈነው ግን እሱም አይታይም። ጥብጣብ ያለው ሱሪም ልበሱ። እግርና እጅ ሲንቀሳቀስ ሾፌሩ ሰው መሆኑን ቶሎ ይለያል፤ ደረት ላይ ብቻ ያለውን ግን ከምልክት ጋር ያምታታዋል።

ከአምስቱም አንዱ አካፋ አይያዝ። ፊቱን ወደ ትራፊኩ አዙሮ ብቻ ይቁም። መጭመቂያ ማሽን እየጮኸ ፊሽካ ስለማይሰማ የአየር ጥሩንባ ስጡት፤ ሲነፋ ሁሉም ወዴት እንደሚሮጥ ቀድማችሁ ተስማሙ።

መልስ 1፦ ኮን መደርደሩና ማንሳቱ ራሱ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ሰዓት ነው፤ ከለላው ገና አልቆመም ወይም ፈርሷል። ስትዘረጉ ሾፌሩ መጀመሪያ ከሚያየው ምልክት ጀምራችሁ ትራፊኩን ተከትላችሁ ሂዱ። ስታነሱ በተቃራኒው፣ ከሥራው ቦታ ወደኋላ፤ የመጀመሪያው ምልክት መጨረሻ ላይ ይነሳል።