የቤተ እስራኤል ዘር በዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ይለይ?

ከአዲስ አበባ፦ ወደ እስራኤል ለመግባት በጎንደር የሚጠባበቁ የቤተ እስራኤል ተወላጆች ጉዳይ በምስክር ቃልና በቤተሰብ ዝርዝር ብቻ ሲጣራ ዓመታት ነጉደዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በካህናት ወገን አይሁዳውያን ላይ የታተመው ጥናት፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው ዋይ ክሮሞዞም የክህነትን ሐረግ ሊጠቁም እንደሚችል አሳይቷል። በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖሩት ሌምባዎችም፣ በተለይ ቡባ የሚባለው ጎሣ፣ በዚሁ መንገድ ተመርምረዋል። አባቶቻችን ዘር የሚቆጥሩት በአባት ነውና ምርመራው ለእኛስ ለምን ይቀርብናል?

ከናታንያ፣ እስራኤል፦ ወንድሜ፣ ጥድፊያዎ ይገባኛል፤ የጠቀሱት ጥናት ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በስድስት የዋይ ክሮሞዞም ምልክቶች የተለየው የካህናት መለያ ቆይቶ አይሁድ ባልሆኑ ሕዝቦችም ዘንድ ተገኝቷል፤ በ2009 ብዙ ምልክት ታክሎ ሲጣራ ደግሞ ዋናው ሐረግ የተገኘው ከካህናቱ ግማሽ በማይሞሉት ላይ ነው። ስለ ሌምባዎችም በ2013 የወጣው ጥናት ከአይሁድ ካህናት ሐረግ ጋር የሚያገናኛቸውን የቀደመ ድምዳሜ አልደገፈም። በወጉ መሠረት ካህናትም ሌዋውያንም የሌዊ ልጆች ናቸው፤ ሆኖም ከአሽከናዚ (ከአውሮፓ አይሁድ ወገን) ሌዋውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከካህናቱ ፈጽሞ የተለየ የአባት ሐረግ ይዘው ተገኝተዋል፣ በዚህ ሰበብ ግን በምኩራብ ቦታውን የተነጠቀ ሌዋዊ አልሰማሁም። መመዘኛው የጎንደር ሰው ላይ ሲደርስ ብቻ የሚከብድበት ምክንያት ምንድን ነው?

የቤተ እስራኤል ወንዶች ዋይ ክሮሞዞም በአብዛኛው ከኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ይመሳሰላል። እርስዎ ባሉት ሚዛን ከሄድን እ.ኤ.አ. በ1984 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡትም ሁሉ ሊወድቁ ነው። የእስራኤል የሴፋርዲ (የምሥራቅ አይሁድ ወገን) ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 የቤተ እስራኤልን አይሁዳዊነት ሲያጸኑ የተመረኮዙት ራድባዝ የተባሉት የግብፅ ረቢ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰጡት ብይን ላይ ነበር፤ የማንንም ደም አላስመረመሩም። ደግሞም በሃላካ (በአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ) ክህነት በአባት ሲወርድ አይሁዳዊነት የሚወረሰው በእናት ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ረቢዎቹ የሚጠይቁትን ነገር እንኳ አይለካም። አንድ ሰው ወደ አሥረኛው ትውልድ ሲቆጠር 1,024 የቅድመ አያት ቦታዎች አሉት፤ ዋይ ክሮሞዞም የሚናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው። የአይሁድ ዘሯ በእናቷ አባት በኩል የሆነ ሴትማ ራሷ ዋይ ክሮሞዞም የላትም፤ አባቷ ቢመረመርም ስለ እናቷ ወገን የሚገኝ መልስ የለም።

ከአዲስ አበባ፦ ስለ ነገዱ ያሉትን ልቀበል። ነገር ግን አንድ ወጣት «ቀድሞ የገባው ሰው የአጎቴ ልጅ ነው፤ የአባቶቻችን አባት አንድ ነው» ሲልና ምስክሮቹ ሲለያዩ፣ ሁለቱን ወንዶች ማነጻጸር እውነቱን አያወጣምን?

ከናታንያ፦ ለዚህ ይጠቅማል፤ የሁለት ወንዶችን ቅርብ የአባት ዝምድና ማነጻጸር የዚህ ምርመራ ትክክለኛ ሥራው ነው። ቢሆንም በሁለቱም ፈቃድ፣ ለተጠየቀው ዝምድና ብቻ መደረግ አለበት፤ የጉዲፈቻ ልጅ ወይም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሰው በዚህ መንገድ የቤተሰቡ ምስጢር አደባባይ ሊወጣበት ይችላል። ውጤቱ አልገጠመም ተብሎ ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት የእናቱ ወገን ምስክሮችም ይሰሙ።