ዊንዶውስን እንደ አዲስ ስጭን ዲ ድራይቭ ላይ ያለው ሥራዬ ሳይጠፋ ሲን ማስፋት እችላለሁ?

ጠያቂዋ፣ ከጅማ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሕርማታ መርካቶ አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የምተዳደር ነኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ሲሆን፣ ሲ ድራይቭ 118፣ ዲ ድራይቭ ደግሞ 347 ጊጋባይት ገደማ ሆነው ተከፍለዋል። ሲ ላይ የቀረኝ ባዶ ቦታ 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ አንድ ፋይል ለመክፈት ብዙ ያስጠብቀኛል። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ስላበቃ፣ ማሽኑ የሚቀበለውን ዊንዶውስ 11 ከባዶ ለመጫን ወስኛለሁ።

ዲ ላይ ያለው የሰባት ዓመት የደንበኞች ሥራ ነው፤ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ኮምፒውተሬን ዊንዶውስ እንዲጭንልኝ ለአንድ ባለሙያ ሰጥቼ፣ ዲስኩን በሙሉ ጠርጎ፣ አንድ ሲ ብቻ አድርጎ መልሶልኛል። ያኔ የጠፋውን የአንድ እድር ደንብ ከታተመው ወረቀት ላይ እያየሁ እንደገና ጻፍኩ፤ ክፍያ ለመጠየቅ ግን አፌን አልሞላልኝም። ስለዚህ አሁን በራሴ እጅ ልሠራው እፈልጋለሁ። ሆኖም የመጫኛውን ፍላሽ ሰክቼ ስመለከት የሚታዩት ሁለት ሳይሆኑ አምስት ፓርቲሽኖች (የዲስኩ ክፍልፋዮች) ናቸው፤ ሲ ወይም ዲ የሚል ፊደልም የለባቸውም። የትኛውን ልንካ? ከዲ ላይ ቀንሼ ሲን ወደ 200 ጊጋባይት ማሳደግስ ይቻላል?

የመጀመሪያ መልስ፦

እህቴ፣ ሳይነኩ ቆም ብለው መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። አምስቱ ፓርቲሽኖች እንግዳ ነገር አይደሉም። 100 ሜጋባይት የሚለው ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዊንዶውስን የሚያገኝበት፣ 16 ሜጋባይት የሚለው ዊንዶውስ ለራሱ የሚይዘው፣ 118 ጊጋባይት የሚለው ሲ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጥቂት መቶ ሜጋባይት የዊንዶውስ መጠገኛ፣ የመጨረሻው ትልቁ ደግሞ ዲ ነው። ሁሉም ተደምረው 500 ሳይሆን 465 ገደማ ቢመጡ አይደንግጡ፤ አምራቹ ጊጋባይትን በ1,000 እያባዛ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥሩት ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

የመጫኛው ገጽ የድራይቭ ፊደል ስለማያሳይ ፓርቲሽን የሚለየው በመጠኑና በስሙ ነው። በመሆኑም አሁን ባለው ዊንዶውስ ውስጥ ዲን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ሪኔም በሚለው በኩል በላቲን ፊደል «ሥራ» የሚል ስም ይስጡት፤ በመጫኛው ዝርዝር ላይ ከፓርቲሽኑ ቁጥር ጎን ይኸው ስም ተጽፎ ያገኙታል። ዲን ሳይነኩ መጫን ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ሌሎቹን አራቱን ዲሊት አድርገው፣ በምትካቸው አንአሎኬትድ ተብሎ የሚመጣውን ባዶ ቦታ መርጠው ኔክስት ማለት ይበቃል። የሚያስፈልጉትን ትንንሽ ፓርቲሽኖች መጫኛው ራሱ መልሶ ይሠራቸዋል።

ሲን ማስፋቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ አንድን ፓርቲሽን የሚያሰፋው ወዲያው በስተቀኙ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ብቻ ነው። ዲን ሽሪንክ አድርገው 85 ጊጋባይት ቢቀንሱለት፣ ባዶው ቦታ የሚወጣው ከዲ መጨረሻ ላይ ስለሆነ በሲና በእሱ መካከል ዲ ራሱ እንደ ግንብ ይቆማል። ዲን ወደ ቀኝ የሚገፉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን መረጃውን በሙሉ ከቦታ ቦታ ስለሚያጓጉዙ ሰዓታት ይወስዳሉ፣ መሐል ላይ መብራት ቢሄድና ባትሪው ቢያልቅ ደግሞ ዲን ሊያበላሹት ይችላሉ። የሰባት ዓመት ሥራ ባለበት ዲስክ ላይ ይህን አልመክርም።

የሚሻለው የዲን ይዘት በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ አምስቱንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መከፋፈል ነው። ኒው ሲሉ መጠኑን የሚጠይቅዎ በሜጋባይት ስለሆነ፣ ለ200 ጊጋባይት 204800 ብለው ይጻፉ። ቀሪውን ባዶ ትተው ይጫኑ፤ ዊንዶውስ ከገባ በኋላ በዲስክ ማኔጅመንት (ዲስክ በሚከፋፈልበት የዊንዶውስ መሣሪያ) ውስጥ ከእሱ ላይ ዲን ይሠሩበታል።

ሁለተኛ መልስ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ዲን ባይነኩትም እንኳ መገልበጡ ግዴታ መሆኑ ጠንከር ብሎ መነገር ነበረበት። ሲና ዲ በአንድ ዲስክ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ገልብጠው ሲጨርሱ የፋይሉን ብዛትና መጠን ፕሮፐርቲስ ላይ ያመሳክሩ፣ ጥቂቶቹንም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩ። መጫን ሲጀምሩ ደግሞ ኤክስተርናሉን ይንቀሉት፤ ከተሰካ እሱም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ስለሚገባ፣ በድካም ሰዓት የተሳሳተውን ማጥፋት ቀላል ነው።

ለጽሕፈት ሥራ የምጨምረው ፎንትን ነው። በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ዘመን የተጻፉ ሰነዶች ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት አሠራር፣ በዩኒኮድ፣ የተጻፉ ስላልሆኑ፣ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፎንቶቹ የሚቀመጡት ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ሥር ፎንትስ በሚባለው ቦታ ስለሆነ እነሱንም አስቀድመው ይገልብጡ። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ያለውም ሁሉ ሲ ላይ መሆኑን አይርሱ።

ሦስተኛ መልስ፦

ዲ ላይ የቁልፍ ምልክት ይታያል? በቢትሎከር (ድራይቭን በምስጢር በሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) የተቆለፈ ከሆነ ዛሬ በራሱ የሚከፈተው ሲ ላይ በተቀመጠ ቁልፍ ሊሆን ይችላል፤ ሲ ሲጠፋ 48 አኃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁጥር ይጠይቅዎታል። ቁጥሩን አስቀድመው በወረቀት ይጻፉት።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዲ ቁልፍ አልነበረበትም። ከጎረቤቴ ኤክስተርናል ተውሼ አንድ ሙሉ ሌሊት ስገለብጥ አደርኩ፤ ጠዋት ሳመሳክር ከዴስክቶፕ ላይ የረሳሁት የአንድ ደንበኛ ፎልደር ስለነበረ እሱንም ጨመርኩ። ኤክስተርናሉን ነቅዬ፣ አምስቱንም አጥፍቼ፣ 204800 ብዬ ጻፍኩ። ሲ ከ200 በትንሹ አንሶ ወጣ፤ መጫኛው የመጠገኛውን ክፍል ከእሱ ላይ ቆርጦ ስለሠራው መሰለኝ።

ዲን መልሼ ስሠራው ግን ፊደሉ ኢ ሆነብኝ፤ ዲ የሚለውን የመጫኛው ፍላሽ ይዞት ነበር። ፍላሹን ነቅዬ በዲስክ ማኔጅመንት ፊደሉን ቀየርኩት። ከዚያ በእጄ የጻፍኩትን ያንን የእድር ደንብ ከፈትኩ፤ የመጀመሪያው ገጽ ዝብርቅርቅ ሆኖ ቢያስደነግጠኝም፣ ያስቀመጥኳቸውን ፎንቶች ስጭን ፊደሉ እንደነበረው ሆኖ መጣ።