የቡድሂዝም ሥነ ጥበብ ታሪክ ልማር ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ዶክትሬቱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ሙያ ነው የምኖረው። ከዓመቱ በፊት ስለ ቋንቋ ልንገርሽ።

ህንድ ውስጥ፣ ሳንቺ በሚባል ቦታ፣ ስቱፓ በሚሉት ጥንታዊ የቡድሂስቶች መቅደስ ምሥራቃዊ በር ላይ አንድ የድንጋይ ቅርጽ አለ። ፈረስ አለ፣ ጋላቢ የለም። ከባዶው ጀርባው በላይ ግን ጃንጥላ ተይዟል። ያው ፈረስ ተደጋግሞ ተቀርጿል፤ ጫፉ ላይ የእግር አሻራ ይታያል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ፈረስ አየሁ ብሎ ያልፋል። የሚያውቅ ግን በኋላ ቡድሃ የተባለው ልዑል ሲዳርታ በሌሊት ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ሲወጣ ያያል። የጥንቶቹ ቀራጮች እዚያ ቡድሃን በሰው መልክ አላሳዩትም። መኖሩን የሚነግርሽ ጃንጥላው ነው። ፈረሱ ወደ ቤት ሲመለስ ጃንጥላው የለም። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ እንዲህ ያሉ ታሪኮች የሰፈሩበትን ጽሑፍ በራሱ ቋንቋ ማንበብ ግድ ነው። ለህንድ ሳንስክሪትና ፓሊ፣ ለቻይና ጥንታዊ ቻይንኛ፣ ለቲቤት ቲቤትኛ። ብዙ ጥናት የተጻፈው ደግሞ በጃፓንኛና በፈረንሳይኛ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት አንዱን ጀምሪ። እኔን ያዘገየኝ ይኸው ነበር።

ሥራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቻ አትፈልጊው። ኮሎምቦ የተወለደው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ አናንዳ ኩማራስዋሚ መጀመሪያ የተማረው ጂኦሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ቦስተን ሙዚየም ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1947፣ እዚያው ሠራ።

ከባድ የሚሆነው የቤተሰብ ነገር ነው። ቻይናዊቷ አርኪዮሎጂስት ፋን ጂንሺ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ዱንሁዋንግ በረሃ ገቡ። ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው 492 የቡድሂስት ዋሻዎች አሉ እዚያ። ባለቤታቸው ዉሃን ከተማ ነበር የሚያስተምሩት። ተጋብተው 19 ዓመት ተለያይተው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ባልየው ሥራቸውን ትተው ወደ ዱንሁዋንግ ሄዱ። በኋላ ፋን ጂንሺ ዋሻዎቹን የሚያጠናውና የሚጠብቀው ተቋም ኃላፊ ሆኑ።

አንቺን ያን ያህል አይገጥምሽ ይሆናል። ግን ለመስክ ሥራ ወራት ርቀሽ መቆየትሽ አይቀርም፤ ከዶክትሬቱ በኋላም አጫጭር ኮንትራት ይዞ ከአገር አገር መዞር የተለመደ ነው። ልጅ አለኝ ብለሻል። እባክሽ ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እሱ ሥራውን ትቶ ይከተልሻል ወይስ ልጁን ይዞ ይጠብቅሻል? እኔ ይህን የጠየቅኩት ዘግይቼ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ነው።